ከባሕር ዳር ድሬዳዋ በአውሮፕላን፦ አንድ ሰዓት ከአሥር ደቂቃ ወይስ ግማሽ ቀን?

ጥያቄ፦ የምኖረው ዳንግላ ነው። ወንድሜ ድሬዳዋ ሥራ ይዞ ከገባ ቆይቷል፤ በቅርቡ ወንድ ልጅ ስለተወለደለት እናታችን ለክርስትናው እንድትደርስለት ይፈልጋል። ኢንተርኔት ላይ ስፈልግ ከባሕር ዳር እስከ ድሬዳዋ 542 ኪሎ ሜትር፣ በረራውም 1 ሰዓት ከ10 ደቂቃ ነው ይላል። ትኬት ቢሮ ስጠይቅ ግን ያቀረቡልኝ ጠዋት ተነስቶ ከሰዓት በኋላ የሚደርስ ጉዞ ነው። ግራ ገብቶኝ የጎንደርን ባይ ደግሞ 102 ኪሎ ሜትር፣ 8 ደቂቃ የሚል ገጽ አገኘሁ። የትኛውን ልመን? እናቴ አውሮፕላን ተሳፍራ አታውቅም፤ ዕድሜዋም ገፍቷል።

ምላሽ፦ በመጀመሪያ እንኳን ደስ ያላችሁ፤ አራሷንም እንኳን ማርያም ማረችሽ በሉልኝ። ወደ ጥያቄዎ ስመለስ፣ የዋሸዎት የለም። ድረ ገጹ ያሰላው በመደበኛ መርሐ ግብር የሌለ በረራ ነው፤ ትኬት ቢሮው ያቀረበልዎት ደግሞ እናትዎ በእርግጥ የሚሄዱበትን ጉዞ ነው። ለዕቅድዎ ትኬት ቢሮውን ይመኑ። ይህን ብቻ ብዬ ብተወው ይበቃ ነበር፤ ሆኖም ለዓመታት እንጀራዬ የበረራ ዕቅድ ማዘጋጀት ስለነበረ ቁጥሮቹ ከየት እንደሚመጡ ሳላስረዳ ማለፍ አይሆንልኝም። ነገሩን አንዴ ካወቁት፣ ነገ ጅማም ሆነ አሶሳ ለመሄድ ቢነሱ ራስዎ ያሰሉታል።

542 ኪሎ ሜትሩ ትክክል ነው። ኮምፒውተሩ የሚያውቀው የሁለቱን ማረፊያዎች ኬክሮስና ኬንትሮስ ብቻ ነው። የባሕር ዳሩ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 11.6 ዲግሪ፣ በምሥራቅ ኬንትሮስ 37.3 ላይ ነው፤ የድሬዳዋው በሰሜን 9.6፣ በምሥራቅ 41.9 ገደማ። በሁለቱ ነጥቦች መካከል በሉሉ ገጽ ላይ ሊሰመር የሚችለው አጭሩ መስመር ሲለካ 542 ይመጣል። (በአንዳንድ ገጾች የባሕር ዳሩ ማረፊያ አሁንም በቀድሞ ስሙ ግንቦት 20 ተብሎ ነው የተመዘገበው። ደጃዝማች በላይ ዘለቀ ተብሎ ከተሰየመው ጋር አንድ መሆኑን ይወቁ፤ ሁለት ማረፊያ ያለ መስሏቸው የሚደናገሩ ሰዎች አጋጥመውኛል።)

መስመሩ የት የት እንደሚያልፍ ካርታ ላይ ማስመሪያ አጋድመው ይዩት። ከባሕር ዳር ወጥቶ አባይን ይሻገርና የወሎ ቦረናን ደጋ ይይዛል፤ ከከሚሴ በስተደቡብ አድርጎ ወደ አፋር ቆላ ይወርዳል፤ ገዋኔ አካባቢ አዋሽን ተሻግሮ ድሬዳዋ ይገባል። ሸዋን የሚነካው በጠርዙ ነው፤ አዲስ አበባን ጨርሶ አያያትም። እናትዎ ግን አዲስ አበባን ሳያዩ ድሬዳዋ አይደርሱም። ነገሩ ሁሉ ያለው እዚህ ላይ ነው።

አንድ ሰዓት ከአሥር ደቂቃውስ ከየት መጣ? ብዙዎቹ የርቀት ማስያ ገጾች አውሮፕላኑ ምን ዓይነት እንደሆነ አይጠይቁም። በሰዓት 800 ኪሎ ሜትር የሚበር ጄት ነው ብለው ይነሱና፣ ርቀቱን ለ800 አካፍለው ለመነሻና ለማረፊያ ግማሽ ሰዓት ይጨምሩበታል። 542ን ለ800 ሲያካፍሉ 40 ደቂቃ ያህል ይመጣል፤ 30 ሲደመር 1 ሰዓት ከ10። ሒሳቡ እንዲያ ነው፤ ከጀርባው የበረራ መርሐ ግብር የለም፣ ትኬት የለም፣ አብራሪም የለም። ጎንደርን 8 ደቂቃ ያለዎት ገጽ ደግሞ ግማሽ ሰዓቷን እንኳ መጨመር የዘነጋ ነው፤ 102ን ለ800 ያካፍሉት፣ ስምንት ደቂቃ እንኳ አይሞላም።

ስለ ጎንደር ካነሱ አይቀር ትንሽ ልቆይበት፤ ለማስተማሪያ ከእርሱ የተሻለ አላውቅም። ከባሕር ዳር ጎንደር በመኪና የሄደ ሰው መንገዱ 180 ኪሎ ሜትር ያህል እንደሆነ ያውቃል፤ ጣናን በስተምሥራቅ ዞሮ በወረታና በአዲስ ዘመን ማለፍ አለበትና። አውሮፕላን ሐይቁን አይዞርም። ከባሕር ዳር የጎንደር ማረፊያ ወዳለበት ወደ አዘዞ የሚወስደው ቀጥተኛ መስመር አብዛኛው በውኃ ላይ ነው፤ ደቅ ደሴት በስተግራ ይቀራል፣ ጎርጎራም እንዲሁ። 180 የነበረው 102 የሚሆነው ለዚህ ነው። ግን አውሮፕላን ከመሬት እንደለቀቀ በሰዓት 800 ኪሎ ሜትር አይከንፍም። ይንደረደራል፣ እየወጣ ፍጥነቱን ቀስ በቀስ ይጨምራል፤ ከዚያ ለማረፍ ሲል ደግሞ ይቀንሳል። 102 ኪሎ ሜትር በሚያህል አጭር በረራ ላይ አውሮፕላኑ ሙሉ ፍጥነቱን ይዞ የሚቆይበት ጊዜ የለም ማለት ይቻላል፤ ወጥቶ ሳይጨርስ መውረድ ይጀምራል። ማረፊያውን ከየት አቅጣጫ እንደሚይዝ የሚወስነው ደግሞ የዕለቱ ነፋስ ነው፤ ነፋሱ ከወዲያ ከሆነ ሜዳውን አልፎ ሄዶ ዞሮ ይመለሳል። ስለዚህ ያ በረራ ቢኖር እንኳ ከስምንት ደቂቃው እጥፍ በላይ መውሰዱ የማይቀር ነው። ርቀቱ ባጠረ ቁጥር የእነዚህ ገጾች ግምት ይብስበታል።

አሁን ወደ እናትዎ እውነተኛ ጉዞ እንምጣ። ጉዞው ሁለት በረራ ነው፤ ከባሕር ዳር ቦሌ፣ ከቦሌ ድሬዳዋ። የመጀመሪያው በቀጥታ መስመር 333 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ ሁለተኛው 343 ገደማ። ድምሩ 676። ከቀጥታው ከ542 ጋር ሲነጻጸር ልዩነቱ 134 ኪሎ ሜትር ብቻ ነው። በአየር ላይ ይህ ሩብ ሰዓት ያህል ነው! ሰው ሁሉ በአዲስ አበባ መዞሩን እንደ ትልቅ ጥፋት ያየዋል፤ መዞሩ ግን የሚያስከፍለው ሩብ ሰዓት ነው። የቀረው ጊዜ የሚበላው መሬት ላይ ነው። ርቀቱን አይጠይቁ የምለውም ለዚህ ነው፤ ቦሌ ላይ ስንት ሰዓት እንደሚቆዩ ይጠይቁ።

መጀመሪያ የአየሩን ልጨርስ። የበረራ ዕቅድ ወረቀት ላይ ኪሎ ሜትር አይጻፍም፤ የሚጻፈው የባሕር ማይል ነው፣ አንዱ 1,852 ሜትር። ከባሕር ዳር ቦሌ 180 ማይል ያህል ይሆናል። መስመሩ ወደ ደቡብ ምሥራቅ ነው የሚያመራው፤ እኔ ሁልጊዜ የሚገርመኝ ማስመሪያው የሚያርፍበት ቦታ ነው፦ ጮቄ ተራራ ላይ፣ ከዚያ ደጀን ላይ፣ ከዚያ የአባይ ድልድይ ላይ። መኪናውም በበኩሉ በደብረ ማርቆስ ዞሮ መጥቶ እዚያው ደጀን ላይ ነው አባይን ለመውረድ የሚዘጋጀው። አገሩን የሚያውቅ ሰው ሰማዩ ጥርት ባለበት ቀን በመስኮት በኩል ከጎሐ ጽዮን ወዲህ ያለውን ጠመዝማዛ መንገድ ሊለየው ይችላል፤ በመኪና ወርዶ ለመውጣት ብዙ ጊዜ የሚፈጀውን በረሃ አውሮፕላኑ በጥቂት ደቂቃ ነው የሚሻገረው።

ከፍታውም እንዲሁ በዘፈቀደ አይያዝም። አቅጣጫቸው በስተምሥራቅ ጎን የሆነ በረራዎች ጎዶሎ ቁጥር ያለውን እርከን ይይዛሉ፣ 21 ሺህ ወይም 23 ሺህ ጫማ፤ በስተምዕራብ ጎን የሚመለሱት ሙሉውን፣ 20 ወይም 22 ሺህ። ፊት ለፊት የሚመጡ ሁለት አውሮፕላኖች እኩል ከፍታ ላይ እንዳይገናኙ ነው። ጮቄ ከ4,000 ሜትር በላይ ነው፣ በጫማ ከ13 ሺህ የሚበልጥ ማለት ነው፤ ጉና ተራራም ከእርሱ አያንስም። ስለዚህ ከባሕር ዳር የሚነሳ አውሮፕላን ዝቅ ብሎ ልሂድ ቢል አይችልም።

ነዳጁ ላይ ደግሞ ተሳፋሪ የማያየው ነገር አለ። ለመንገዱ የሚበቃው ይሰላል፤ በላዩ ለድንገተኛ አምስት በመቶ፣ በላዩ መድረሻው ቢዘጋ ወደ ተለዋጭ ማረፊያ የሚያደርስ፣ በላዩ ደግሞ ሠላሳ ደቂቃ በአየር ላይ የሚያዞር። የመጨረሻዋ ሠላሳ ደቂቃ እንዳትነካ ነው የምትጫነው። አንዳንድ ሰው ቦሌ ላይ አውሮፕላኑ ሲዞር ነዳጅ አለቀ ብሎ ይደነግጣል። መዞሪያው በሒሳብ ውስጥ ገብቶ ነው የተነሳው።

በአገር ውስጥ መስመር ብዙ ጊዜ የሚያገኙት ባለ ፕሮፔለሩን ቦምባርዲየር ኪው 400 ነው፤ ከ70 በላይ ሰው ይጭናል፣ ፍጥነቱ ቢበዛ በሰዓት 660 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። አንዳንዴ ቦይንግ 737 ይመደባል። ጄቱ ይፈጥናል፤ ግን 333 ኪሎ ሜትር ላይ ፍጥነቱን የሚያሳይበት ሜዳ ስለሌለው ልዩነቱ ጥቂት ደቂቃ ነው። ነፋስም ቢሆን ያን ያህል አይደለም፦ በሰዓት 20 ማይል የሚገፋ ነፋስ በዚህ ርቀት ላይ የሚጨምረው ወይም የሚቀንሰው ሁለት ደቂቃ ገደማ ነው። ተጨንቀው የገዙት ትኬት ጄት ሳይሆን ባለ ፕሮፔለር ሆኖ ቢያገኙት አይዘኑ።

ትኬት ላይ የሚጻፈው ጊዜ አውሮፕላኑ በአየር ላይ የሚቆይበት አይደለም። የሚቆጠረው የጎማው ታኮ ተነስቶ ከመቆሚያው መንቀሳቀስ ከጀመረበት እስከ መድረሻው ቆሞ ታኮ እስኪገባለት ነው። በባሕር ዳርና በቦሌ መካከል በአየር ላይ የሚኖሩት 40 ደቂቃን ትንሽ ቢያልፍ ነው፤ ትኬቱ ግን አንድ ሰዓት ገደማ ይላል። ቦሌ ላይ ሁለት መንደርደሪያዎች አሉ፣ ግን ጠዋት ከአውሮፓና ከመካከለኛው ምሥራቅ፣ ወደ ማታ ደግሞ ከአፍሪካ አገሮች የሚመጡት ተከታትለው ነው የሚገቡት። ከባሕር ዳር የመጣው ትንሹ አውሮፕላንም ተራውን ይጠብቃል፤ መርሐ ግብር አውጪዎቹ ይህን ስለሚያውቁ ደቂቃዎቹን አስቀድመው ይጨምሩታል። ቀድሞ የደረሰ አብራሪ ፈጥኖ የበረረ አይምሰልዎት፤ ወረፋ አላገኘውም ማለት ነው።

ከቦሌ ድሬዳዋም ተመሳሳይ ነው፣ አንድ ሰዓት ገደማ። እንግዲህ ሁለቱ በረራዎች ሲደመሩ ሁለት ሰዓት ነው። ጠዋት ተነስቶ ከሰዓት በኋላ መድረሱ ከመካከላቸው ካለው ቆይታ የመጣ ነው።

ለምን ቀጥታ አይበርም የሚለውን እርስዎ ባይጠይቁኝም ሌላ ሰው መጠየቁ አይቀርም። 20 ከተሞች አሉ እንበል። እያንዳንዱን ከእያንዳንዱ ጋር በቀጥታ ለማገናኘት 190 መስመር ያስፈልጋል። ሁሉንም ከአዲስ አበባ ጋር ብቻ ለማገናኘት 20 ይበቃል። የጎጆ ቤት ወራጆች ሁሉ ምሰሶው አናት ላይ እንደሚገናኙ፣ የአገር ውስጥ በረራችንም ቦሌ ላይ ተገናኝቶ የተሠራ ነው። ከባሕር ዳር ድሬዳዋ ለመሄድ በየቀኑ 70 ሰው ተሰልፎ ቢገኝ ነገሩ ይለወጥ ነበር፤ አይገኝም። ከባሕር ዳር ተነስተው ወደ ድሬዳዋ፣ ወደ ጅማ፣ ወደ ጅግጅጋ፣ ወደ ውጭ አገርም የሚሄዱት አንድ ላይ ተጭነው ቦሌ ላይ ሲበተኑ ግን አውሮፕላኑ ይሞላል።

ከዚህ በፊት ክፍለ አገር ከክፍለ አገር የሚያገናኙ በረራዎች ነበሩ። ቱሪስቱ በብዛት የሚሄድበት የሰሜኑ መስመር ከአዲስ አበባ ተነስቶ ባሕር ዳር፣ ጎንደር፣ ላሊበላ፣ አክሱም እያለ እንደ አውቶቡስ የሚያርፍ ነበር። ያኔ ከባሕር ዳር ላሊበላ፣ በአየር 185 ኪሎ ሜትር ገደማ የሆነውን፣ አዲስ አበባን ሳይረግጡ መሄድ ይቻል ነበር። ከባሕር ዳር አስመራም ይበረር ነበር። ለእናትዎ የማይነገር ቢሆንም፣ መስከረም 5 ቀን 1981 ዓ.ም. በዚያው መስመር ከባሕር ዳር ሲነሳ የነበረ ቦይንግ 737 ሁለቱም ሞተሮቹ ውስጥ የርግብ መንጋ ገብቶበት ለመመለስ ሲሞክር ሜዳ ላይ ወድቆ፣ ከተሳፈሩት 104 ሰዎች 35ቱ ሞተዋል። ሐይቅ ዳር ያለ ማረፊያ ከወፍ ጋር ነው የሚኖረው። ስለዚህ አውሮፕላኑ መንደርደሪያው ጫፍ ቆሞ ደቂቃዎች ቢያሳልፍና ምክንያቱ ወፍ ነው ቢባሉ፣ ደስ ብሏቸው ይጠብቁ።

አሁን ለእርስዎ የሚጠቅመውን ልናገር። ሁለቱን በረራ በአንድ ትኬት ይግዙ። ዋጋ ረከሰልኝ ብለው ባሕር ዳር–ቦሌን ለብቻ፣ ቦሌ–ድሬዳዋን ለብቻ እንዳይገዙ። በአንድ ትኬት ከሆነ የመጀመሪያው በረራ ቢዘገይ ቀጣዩ ላይ የማሳፈሩ ኃላፊነት የአየር መንገዱ ነው፤ ሻንጣውም ከባሕር ዳር እስከ ድሬዳዋ ሊላክ ይችላል። ለየብቻ ከሆነ ግን ሁለተኛው ትኬት የመጀመሪያውን አያውቀውም፤ ቢያመልጥ አመለጠ ነው፣ እናትዎም ቦሌ ላይ ሻንጣ ከቀበቶው አንስተው እንደገና መሰለፍ አለባቸው። አውሮፕላን ማረፊያ አይተው ለማያውቁ ሰው ይህ ቅጣት ነው።

የቆይታው ጊዜ ሲመረጥ አጭሩ ጥሩ ነው ብለው አይጣደፉ። ለእኔና ለእርስዎ አንድ ሰዓት ከሩብ ሊበቃን ይችላል። ለአንድ አዛውንት ግን ከአውሮፕላን መውረዱ፣ በአውቶቡስ መጓጓዙ፣ ፍተሻው፣ በሩን መፈለጉ አለ፤ ሁለት ወይም ሦስት ሰዓት ያለውን ይምረጡ። ትኬት ሲቆርጡም የተሽከርካሪ ወንበር እገዛ እንዲመዘገብላቸው ይጠይቁ። እናትዎ እግራቸው ደህና ቢሆንም ይጠይቁ። የዚህ እገዛ ዋናው ጥቅም ወንበሩ አይደለም፤ ከአንዱ በር ወደ ሌላው የሚያደርሳቸው፣ ሲጠራ የሚያስነሳቸው ሰው ማግኘታቸው ነው።

በተቻለ መጠን ከባሕር ዳር የጠዋቱን በረራ ይያዙ፤ በክረምት ከሆነ ደግሞ የግድ ይያዙት። በጎጃም ደጋ ላይ ደመናው የሚገዝፈው ከቀትር በኋላ ነው። የነጎድጓድ ደመና ጮቄ ላይ ሲቆም አብራሪው ሰንጥቆ አያልፍም፣ ይዞረዋል፤ ባሕር ዳር ላይ ዶፍ ከወረደ ደግሞ ማረፍም መነሳትም ይቆያል። የጠዋቱ በረራ ሌላም ጥቅም አለው፦ አውሮፕላኖቹ በቀን ብዙ ጊዜ ስለሚመላለሱ ጠዋት ላይ የተፈጠረ መዘግየት ወደ ማታ እየተከማቸ ይሄዳል።

ከዳንግላ ባሕር ዳር 80 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ማረፊያው ላይ ሁለት ሰዓት ቀድመው መድረስ አለባቸው። በዱርቤቴና በመራዊ አድርገው በዚያው ዕለት ማለዳ እንደርሳለን ብለው አይቁረጡ፤ የመንገዱ ሁኔታ ደግሞ እንደ ሰሞኑ ነው። ከዋዜማው ገብተው ባሕር ዳር ዘመድ ቤት ወይም ሆቴል ይደሩ። ለዚህ ጉዞ ከሁሉም የሚያሰጋኝ 80 ኪሎ ሜትሯ ናት።

ሰዓቱን በተመለከተ፣ ትኬት ላይ ያለው በፈረንጅ አቆጣጠር ከእኩለ ሌሊት ጀምሮ እስከ 24 ነው። 07፡30 ቢል ከጠዋቱ 1፡30 ነው፤ 13፡20 ቢል ከቀኑ 7፡20። ስድስት መቀነስ ነው። ከሌሊቱ ከ06፡00 በፊት የሆነውን ግን ስድስት ይደምሩበት፤ 05፡30 ማለት ሌሊት 11፡30 ነው። ማታ 19፡00 ካለ ስድስት ሲቀንሱ 13 ይመጣል፣ ያ ከምሽቱ 1 ሰዓት ነው። ቀኑንም ይጠንቀቁ፦ በቁጥር ብቻ 20/9 የሚል መልእክት በስልክ ቢደርስዎት ሴፕቴምበር 20 ማለት ነው፣ እንደ እኛ መስከረም 10። ዘጠነኛ ወር ብለው ግንቦት ላይ እንዳያሳድሩት። በረራ ያመለጣቸው ሰዎች ሲመጡ መጀመሪያ የማየው ይህን ነበር።

ለክርስትናው 40ኛው ቀን ስለማይነቃነቅ ትኬቱን ከ38ኛው ቀን ወዲያ አያድርጉት። አንድ በረራ ቢሰረዝ የማግስቱ ይተካዋል፤ በዋዜማው ከተነሱ ግን የሚተካ የለም።

ስለ ጤናቸው ብዙ አይስጉ። ኪው 400 በሚበርበት ከፍታ ካቢኑ ውስጥ የሚኖረው የአየር ግፊት ከዳንግላ አየር ብዙም አይርቅም፤ ዳንግላ ራሷ ከ2,000 ሜትር በላይ ናትና። ጆሮ የሚይዘው ድሬዳዋ ሲወርዱ ነው። ቦሌ ከ2,300 ሜትር በላይ ነው፣ ድሬዳዋ ወደ 1,170 ዝቅ ትላለች፤ ከረሜላ ወይም ማስቲካ በእጃቸው ይኑር፣ አውሮፕላኑ መውረድ ሲጀምርም እንቅልፍ ባይዛቸው ጥሩ ነው። የደረት ወይም የልብ ሕመም ካለባቸው ግን ሐኪማቸውን ይጠይቁ፤ ያ የእኔ ሙያ አይደለም። ጋቢ ለባሕር ዳር ማለዳ ነው፤ ድሬዳዋ ሲወርዱ ሙቀቱ በሩ ላይ ይቀበላቸዋል፣ ከሥር ስስ ልብስ ይልበሱ።

የታደሰ መታወቂያ በእጃቸው ይሁን፤ ትኬቱ ላይ የተጻፈው ስም ከመታወቂያው ጋር ፊደል በፊደል መመሳሰሉን ሲገዙ ያረጋግጡ። ማር፣ ቅቤ፣ በርበሬ መያዛቸው እንደማይቀር አውቃለሁ። ማርና ቅቤ በእጅ ሻንጣ ከሆነ ፍተሻ ላይ እንደ ፈሳሽ ተቆጥሮ ሊቀር ይችላል፤ ክዳኑ በሚጠብቅ ዕቃ አድርገው፣ በፕላስቲክ ጠቅልለው፣ በሚጫነው ሻንጣ ውስጥ ያስገቡላቸው። ኪሎውን ቤት ይመዝኑት፤ ትኬቱ ላይ የተፈቀደው ተጽፏል። ወንድምዎ ደግሞ ለመቀበል ሲወጣ ትኬቱ ላይ ያለውን የመድረሻ ሰዓት ይያዝና፣ ሻንጣው እስኪወጣ ሌላ ሃያ ደቂቃ ያህል ይጨምርበት።